የቢታ ገነቱ ሰርግ

ይህ የደረሰብኝ ጅማ የሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሞባይል ገና የባለሥልጣንና የትልልቅ ነጋዴ ዕቃ የነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን መርሳት ያልቻልኩት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ያለ ወትሮው ደግ ሲሆንብኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። የተቆጣኝ ሰው አያስፈራኝም። ወንበሩን የሚለቅልኝ፣ ሻዬን የሚያቀርብልኝ፣ "ደክሞሻል፣ አረፍ በይ" የሚለኝ ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

የተወለድኩት ቦንጋ ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሕክምና የደረሰኝ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ሰፈር ለሰፈር ሲያወራ ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ተወው። "ዶክተር፣ ውሃ አቀብዪኝ።" "ዶክተር፣ ዶሮዋን አስገቢያት።" እናቴ ትስቃለች፣ እሱ አይስቅም።

ነጭ ጋውኔን የሰፋልኝ ራሱ ነው። ጨርቁን የገዛው ከሰሚራ አባት ሱቅ ነው። ሰሚራ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ጅማ ፋርማሲ ደርሷት አንድ ዶርም ነበርን። አባቴ "ሐኪሞች እጃቸውን ኪሳቸው ነው የሚከቱት፣ አይቻለሁ" ብሎ ለጋውኑ ሁለት ሰፋፊ ኪስ አወጣለት። አንዱ ኪስ ብቻውን ኪሎ ስኳር ይይዛል። እጅጌውንም አስረዘመው። "አባዬ፣ ከዚህ ወዲያ እኮ አላድግም" ስለው፣ "ሰው በሥራውም ያድጋል" አለኝ። የክፍሌ ልጆች ጋውኔን ባዩ ቁጥር "ገበያ ልትሄጂ ነው?" ይሉኝ ነበር።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፋም ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ ቤቱ ቢቃጠል አመዱ ላይ ተኝታ ትገኛለች" ትለኝ ነበር። ጅማ ስገባ ግን እንቅልፍ ነውር ሆኖ ጠበቀኝ። ጠዋት ዶርም ውስጥ የሚጠየቀው "እንዴት አደርሽ" ሳይሆን "ስንት ሰዓት ተኛሽ" ነው። ቀድሞ የተኛ ያፍራል። ጫት የሚቅመው ይቅማል፣ ሌላው እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያነባል። እኔም ነክሬያለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ቀረ እንጂ ያነበብኩት አልያዘኝም።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ በማዛጋት አለቀ። አንድ ቀን አናቶሚ ላብራቶሪ ውስጥ አስተማሪው እያስረዳን ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጎኔ የነበረው ልጅ በጋውኔ ኪስ ባይዘኝ ኖሮ አስከሬኑ ላይ እወድቅ ነበር። አባቴ ያን ኪስ ያለ ምክንያት አላሰፋውም ብዬ ስቄያለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቴ ወርዶ ዋርኒንግ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ማጠቃለያ ፈተና ከወደቅኩ መባረር ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ሁለተኛ ዓመት ስንጀምር ተስፋ ቆርጬ ነበር። መውደቄ ካልቀረ ተኝቼ ልውደቅ አልኩና እንደ ቤቴ መተኛት ጀመርኩ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ዝም አልኩ። የገረመኝ ነገር፣ ውጤቴ ከፍ ማለት ጀመረ። ያነበብኩት ጠዋትም አብሮኝ ይነሳል። በትንንሾቹ ፈተናዎች ከክፍሉ መሃል ደረስኩ፣ ከመሃልም አለፍኩ። ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ከልቤ ያመንኩት ያኔ ነው።

ለገና ቦንጋ ስሄድ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። "አባዬ፣ ምስጢሩን አገኘሁት፣ እንቅልፍ ነው" አልኩት። በጣም ደስ አለው። ለደንበኛው ሁሉ "ልጄ የምታልፈው ተኝታ ነው" እያለ ሲያወራ ሰነበተ። ያን ሰሞን ያስለው ነበር። ከጓደኛ የተዋስኩትን ማዳመጫ ደረቱ ላይ አድርጌ ሐኪም ሐኪም ተጫወትኩ። "ምን ይላል?" አለኝ። "እንደ ስፌት መኪናህ ነው የሚሄደው" አልኩት። "እንግዲያው ዘይት ነው የጎደለው" አለና ሳቀ፣ ከሳቁም ጋር ሳለ። ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ።

የአናቶሚ ማጠቃለያ ፈተና ሁዳዴ መሃል ላይ ወደቀ። ፈተናው ሳምንታት ሲቀሩት የቦንጋ ልጆች ደግ ሆኑብኝ።

መጀመሪያ ሰሚራ ናት። ለወትሮው ልብሴን ተውሳ የማትመልስ ልጅ፣ አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ልብሴን በሙሉ አጥባ አስጥታልኝ አገኘኋት። ቀጥሎ ታደሰ ነው። ታደሰ አራተኛ ዓመት የደረሰ፣ ለቦንጋ ልጆች እንደ ታላቅ ወንድም የሆነ፣ ቀልዱ የማያልቅበት ልጅ ነው። ካፌ ውስጥ ሰልፍ ቆሜ ሲያየኝ መጥቶ ሳህኔን ከእጄ ወሰደ። "ቁጭ በይ አስኩ፣ እኔ አመጣልሻለሁ።" አልቀለደም። ምግቡን አስቀምጦልኝ ፊቴን ሳያይ ሄደ።

የቦንጋ ልጆች እርስ በርሳችን የምንጫወተው በካፊኖኖ ነው። በተለይ ሰው ለማማት ከሱ የሚሻል ቋንቋ ጅማ ውስጥ አልነበረንም። ያን ሰሞን ግን ወደ ተሰበሰቡበት ስጠጋ ወሬያቸውን ቀጥ ያደርጉና በአማርኛ ስለ ፈተና ይጀምራሉ። እኛ አገር አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነው። የገዛ ሰፈርህ ልጅ በአማርኛ ካናገረህ ወይ ፊርማ ፈልጓል ወይ የሚደብቅህ ነገር አለ።

እኔ ደግሞ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ተማሪ ፈተና ላይ እያለ ሰው ቢሞትበት አይነገረውም። ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ፈተናውን ሲጨርስ ይወሰድና በማለዳ መርዶው ይነገረዋል። አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ የቦንጋ ልጅ እናቱ አርፋበት ሁላችንም እንዲህ አድርገን ደብቀነዋል። የዚያን ልጅ ሳህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። "ምነው ዛሬ ደግ ሆንሽ?" ሲለኝ፣ "ለነፍሴ ነው" ብዬዋለሁ። አሁን የእኔ ሳህን ነው የሚታጠበው።

ወዲያው ወደ ሕዝብ ስልኩ ሄጄ ሰልፍ ያዝኩ። ቤታችን ስልክ አልነበረም። ከአባቴ ሱቅ ቀጥሎ ያሉት ባለሱቅ እትዬ አስቴር ግን ስልክ ነበራቸው። ስደውል "አንዴ ቆዪ" ይሉና በግድግዳው በኩል ጮኸው አባቴን ይጠሩልኛል። በጣም ጥሩ ሴት ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ከረሜላ ሳይሰጡኝ በደጃቸው አልፌ አላውቅም።

"እትዬ አስቴር፣ አስካለ ነኝ። አባዬን ይጥሩልኝ።"

እንደ ወትሮው "አንዴ ቆዪ" አላሉኝም። ሁልጊዜ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኝ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅም የለም።

"አባትሽ የለም የኔ ልጅ። ቢታ ገነት ሄዷል።"

"ቢታ ገነት ምን ሊያደርግ?"

"ሰርግ ተጠርቶ ነዋ። የዘመድ ሰርግ። እናትሽም አብራው ሄዳለች። አንቺ ብቻ ትምህርትሽን በርቺ፣ እሺ? በደንብ ተኚ።"

"እሺ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ።

እትዬ አስቴር ጴንጤ ናቸው። ለእሳቸው ጾም የሚባል ወቅት የለም፤ ሰርግ በማንኛውም ቅዳሜ ይሆናል። እኛ ግን ዘር ማንዘራችን ኦርቶዶክስ ነው። በሁዳዴ የሚድር ዘመድ ቢታ ገነትም ሆነ ሌላ ቦታ የለንም። አባቴ በሁዳዴ እንኳን ሰርግ ሊሄድ፣ ለሰርግ የሚሆን ልብስ እንኳ አይቀበልም ነበር። ምስኪን፣ ከየት ያምጡት፤ ሰው እሩቅ ቦታ ለመላክ መጀመሪያ የመጣላቸውን ነው የተናገሩት። ደግሞ "እናትሽም አብራው ሄዳለች" ማለታቸው፣ እናቴ ለቅሶ ላይ ሆና ስልኩ ጋ መጥታ ማውራት እንደማትችል ነገረኝ፤ የስፌት መኪናውም ዝም ብሏል። ስለዚህ የሞተው አባቴ ነው ማለት ነው።

ለምን አልጠየቅሽም የሚለኝ ሰው አለ። ሰሚራን አንቄ ብጠይቃት ያን ቀን ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ካልጠየቅሁ አባቴ አልሞተም። ሰርግ ላይ ነው። እንዲህ እያልኩ ቀን ቀን አነባለሁ። ደግሞም ሁሉም ለእኔ ብሎ ይህን ያህል ሲደክም ዐይናቸው እያየ ማፍረስ ከበደኝ።

እንቅልፍ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ተለያየ። ቀደም ሲል እንቅልፍን አባርሬው ነበር፣ አሁን ስጠራው የማይመጣ ሆነ። ዐይኔን ስከድን የስፌት መኪናው ዝምታ ይሰማኛል። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነውና ንጋት ሲደርስ በሩ ላይ የሰው ኮቴ እጠብቃለሁ። ሰሚራ ከታች አልጋ ላይ ሆና መተኛቴን ታዳምጣለች። እንዳታዝንብኝ ብዬ እንደተኛ ሰው እተነፍሳለሁ። ጠዋት ለታደሰ "በደንብ ነው የምትተኛው፣ እግዜር ይመስገን" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀን ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲናገር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ አይገባኝም። አንድ ገጽ ጀምሬ ስጨርስ ከላይ ያለውን አላስታውስም። የሚገርመው፣ ድሮ የያዝኩት ነገር ግን አልጠፋኝም። ተኝቼ ያጠናሁት ሁሉ ነበር። እሱ ያሳልፈኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

የፈተናው ቀን ጋውኔን ለብሼ ገባሁ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የአናቶሚ ተግባር ፈተና እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛዎቹ በተርታ ተደርድረዋል። በየጠረጴዛው ላይ አጥንት ወይም የሰውነት ክፍል አለ፣ ቁጥርና መርፌ ተተክሎበታል። በአንድ ጠረጴዛ አንድ ተማሪ ይቆማል። መርፌው ያለበትን ክፍል ስም በወረቀትህ ላይ በቁጥሩ ፊት ትጽፋለህ። ደወል ሲደወል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሲጀመር ደህና ነበርኩ። የትከሻ አጥንት፣ የክንድ ነርቭ፣ የልብ ክፍል፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ የእጅ መዳፍ ያለበት ጠረጴዛ ደረስኩ። ጠቋሚ ጣቱ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ጨርቅ ይዞ ወደ መርፌ እንደሚገፋ ሰው እጅ። እሱን አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ደወሉን የሰማሁት ከሩቅ ነው። ከኋላዬ ያለው ልጅ በክርኑ ነካ ሲያደርገኝ ተራመድኩ። ዐይኔ ተከፍቶ፣ ቆሜ፣ ተኝቼ ነበር። የመዳፉን መልስ እንዳልጻፍኩ አላስተዋልኩም። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ያለውን መልስ በባዶው መስመር ላይ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንዲሁ በአንድ ቁጥር አዛንፌ ጻፍኩ። አንዱንም አልሳትኩም። ሁሉም ግን የሌላው ቁጥር ላይ ነበር።

ያወቅሁት መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻውን ጠረጴዛ መልስ ጽፌ ስጨርስ ወረቀቴ ላይ አንድ ባዶ መስመር ተረፈ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሲገባኝ እጄን አነሳሁ፤ ወረቀት የሚሰበስበው ግን ደርሶ ነበር። "እባክዎ፣ መልሶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ቁጥሩ ነው የተሳሳተው" አልኩት። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው" አለኝ፣ በክፋት አይደለም። ወረቀቱን ወሰደ።

ከፈተናው ስወጣ ታደሰ፣ ሰሚራና ሌሎቹ የቦንጋ ልጆች ውጭ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። "እንዴት ነበር?" አላሉኝም። ታደሰ "ነገ ለእረፍት ቦንጋ እንሂድ፣ መኪና አለ" አለ። የማን እረፍት? ከእኔ በቀር ፈተና የጨረሰ አልነበረም። "እሺ" አልኩ።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጡኝ። የጎጀብን ወንዝ እንኳ መሻገራችንን አላየሁም። ከጅማ እስከ ቦንጋ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። የሚጠበቅ ነገር አልቆ ነበር። ቦንጋ ስንደርስ ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ አልሄድንም። የሰሚራ እናት በር ላይ ቆመው "እናትሽ እስክትመጣ ዛሬ እኛ ጋ ነሽ" አሉኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ግን ቅቤ ያልነካው የጾም ሽሮ ለብቻው በንጹሕ ድስት ሠርተው ጠበቁኝ። ወቅቱን የረሱት እትዬ አስቴር ብቻ ነበሩ። በላሁና እንደገና ተኛሁ።

ንጋት ላይ ሊቀሰቅሱኝ አልቻሉም። ስነሳ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። እናቴ ጥቁር ለብሳ ፀጉሯን ተቆርጣለች። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኃይሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሲቀሰቅሱኝ ቆይተው አቅቷቸው ዝም ብለው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"አስካለ ልጄ" አሉ ጋሽ ኃይሌ፣ "የሰው ልጅ ለዚህ ዓለም እንግዳ ነው..."

"አውቃለሁ ጋሼ። አባዬ ነው።"

ልቅሶ ሊጀምሩ የተዘጋጁት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ መርዶ አይተው አያውቁም። ሁሉም ወደ ሰሚራ ዞረ።

"ወላሂ እኔ አልነገርኳትም" አለች ሰሚራ፣ እያለቀሰች።

"እትዬ አስቴር ናቸው የነገሩኝ" አልኩ።

እትዬ አስቴር በሩ አጠገብ ቆመዋል። "እኔ? ሰርግ ሄዷል ነው እኮ ያልኩሽ።"

"በሁዳዴ?"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከዚያ ቁጭ አሉ። ያን ቀን ከእሳቸው በላይ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። ትክ ብላ አየችኝ። "ታዲያ ያን ሁሉ ቀን እያወቅሽ ነው የተኛሽው?"

"አልተኛሁም እማዬ።"

ይህን ስትሰማ ነው ደረቷን የመታችው። "አደራውን በላን" አለች። "አፉ ሳይያዝ አደራ ብሎን ነበር። 'ዶክተር እስክትፈተን እንዳትነግሯት። የምታልፈው ስትተኛ ነው፣ ራሷ ነግራኛለች። እንቅልፏን እንዳትነሷት' ብሎን ነበር።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ከሚባረሩት ውስጥ ነበር። ታደሰ ሄዶ ነገሩን ለማስረዳት ሞከረ፤ ወረቀት ላይ ያለው ግን ወረቀት ላይ ያለው ነው። ሕክምናን አልተመለስኩበትም። ቆይቼ መምህርነት ተማርኩና ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ላብራቶሪ ስገባ የምለብሰው የአባቴን ጋውን ነው። ተማሪዎቼ በኪሱ ይስቃሉ። እጅጌው አሁንም ይረዝመኛል።

በማንም አልተቀየምኩም፤ የምቀየምበት ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም የሠራው በፍቅር ነው። እትዬ አስቴር እስኪያርፉ ድረስ ባዩኝ ቁጥር ዐይናቸውን ይሰብሩ ነበር፣ እኔንም ይበልጥ የሚያመኝ እሱ ነበር።

እናቴን፣ ባለቤቴን፣ ጎረቤቶቼንም አስጠንቅቄያለሁ። ክፉ ነገር ከመጣ በሰዓቱ ንገሩኝ፣ ተኝቼም ከሆነ ቀስቅሱኝ ብያለሁ። እሺ ብለውኛል። ግን ከዚያ ወዲህ ንጋት ላይ ተኝቼ ያገኘኝ ሰው የለም።